ቀብድ ከመቀበላችሁ በፊት፦ የፎቶ አንሺ መብትና አንድ ገጽ ወረቀት

መርካቶ አንድ ልብስ ሰፊ ጋ ተቀምጬ ተራዬን እጠብቅ ነበር። ቀና ስል ግድግዳው ላይ የተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ አየሁ። አንዲት እናት ቡና እየቀዱ ነው። ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገዋል። ከጀበናው አፍ የሚወርደው ቡና እንደ ክር ቀጥኗል። ከኋላቸው ሰማያዊ ቀለም የተቀባ የቆርቆሮ በር አለ። በሩን አወቅኩት። ደሴ፣ አክስቴ ግቢ ያለው በር ነው። ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ።

ታች ጥጉ ላይ የጻፍኩት ስሜ ግን የለም። ተቆርጧል። በቦታው የአንድ ድርጅት አርማ ገብቷል።

ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረግኩ፣ የቱ ጋ እንደተሳሳትኩና አሁን ሥራዬን እንዴት እንደምይዝ ልጻፍላችሁ። ጠበቃ አይደለሁም። ሠርግ፣ ምርቃትና የድርጅት ሥራ አነሳለሁ፤ 14 ዓመት ሆኖኛል። ጉዳያችሁ ፍርድ ቤት የሚደርስ ከሆነ ጠበቃ ያዙ። እዚያ ሳይደርስ የሚያልቀው ግን ይበዛል፤ የሚያልቀውም ብዙ ጊዜ አስቀድማችሁ በጻፋችሁት ወረቀት ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ሕጋችን የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። ሰው ሁሉ «ኮፒራይት» የሚለው ይኼንኑ ነው። ፎቶ በአዋጁ ውስጥ በስሙ ተጠቅሷል። በፊልም አነሳችሁት በዲጂታል፣ በካሜራ አነሳችሁት በስልክ፣ ለውጥ የለውም።

ጥበቃው የሚጀምረው ሥራው ሲፈጠር ነው። ማመልከቻ ማስገባት አያስፈልግም። ሥራው የራሳችሁ የፈጠራ ውጤት መሆንና በሆነ ነገር ላይ መቀረጽ አለበት። ለፎቶ ግን አዋጁ አንድ ነገር ይጨምራል፦ ፎቶው የስብስብ አካል መሆን፣ በመጽሐፍ መታተም ወይም የአንሺውን ወይም የወኪሉን ምልክት ወይም አድራሻ መያዝ አለበት። ሚሞሪ ካርዱ ላይ ከገባ ተቀርጿል። የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሥራችሁን መዝግቦ የምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ ክርክር ሲነሳ ጠቃሚ ማስረጃ ነው። ባታስመዘግቡም ግን መብቱ አለ። «አላስመዘገብሽውም» ብሎ የሚከራከራችሁ ሰው ተሳስቷል።

ጥበቃ የሌለው ሐሳብ ነው። እኔ እንጦጦ ላይ ቆሜ ጀምበር ስትጠልቅ ካነሳሁ፣ ነገ ሌላው እዚያው ቆሞ ያንኑ ጀምበር ቢያነሳ ምንም ማለት አልችልም። የእኔን ፋይል ወስዶ ቢጠቀም ግን እችላለሁ።

መብቱ ሁለት ወገን አለው። አንደኛው የኢኮኖሚ መብት ነው፦ ማባዛት፣ ማሰራጨት፣ ለሕዝብ ማሳየት፣ ለውጦ ሌላ ሥራ መሥራት። ሁለተኛው የሞራል መብት ነው፦ «የእኔ ሥራ ነው» ማለትና በስሜ ይጠራ ማለት፣ ክብሬን በሚነካ መንገድ አትቁረጡት፣ አታበላሹት ማለት። የቀን መቁጠሪያው ላይ ስሜ ሲቆረጥ የተነካው ይኼ ሁለተኛው ጭምር ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ከገንዘቡ ይልቅ ያንገበገበኝ እሱ ነው።

ብዙ ባልደረቦቼ የማያውቁት አንድ ነገር አለ። የደራሲ የኢኮኖሚ መብት ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። የፎቶ ግን ፎቶው ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ብቻ ነው። ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሼ ፒያሳ ስቱዲዮ ነበራቸው። ኔጋቲቮቻቸውን በኮዳክ ካርቶን ደርድረው፣ በላዩ ላይ ዓመቱን በቀይ እስክሪብቶ ጽፈው አስቀምጠዋል። በ1980ዎቹ ያነሷቸው ሁሉ ጊዜያቸው አልፏል፤ እሳቸው ግን በሕይወት አሉ። ይኼ ለእኔ ፍትሐዊ አይደለም። ሕጉ እስካለ ድረስ ግን ፎቶ የተነሳበትን ቀን መዝግባችሁ መያዝ ያለባችሁ አንዱ ምክንያት ይኼ ነው።

ብዙዎቻችን የምንወድቅበት ጉድጓድ

ከቀን መቁጠሪያው በፊት ሌላ ነገር ደርሶብኝ ነበር። አንድ ድርጅት ወደ አርባ ምንጭ ይዞኝ ሄደ። ዶርዜ ላይ ሸማኔዎችን ሦስት ቀን አነሳሁ። ሥራው «ለሪፖርት ነው» ተባልኩ። ክፍያው ጥሩ ነበር፤ ወረቀት የሚባል ነገር ግን አልነበረም። በስልክ ተነጋግረን፣ ቀብድ በባንክ ገብቶልኝ፣ አለቀ። ከዓመት በኋላ ፎቶዎቹ ለሌላ ድርጅት ተላልፈው፣ ትልቅ ማስታወቂያ ላይ ተለጥፈው አየኋቸው።

ጠበቃ ጋ ሄድኩ። ጠበቃዋ ጥያቄ የጠየቀችኝ አንድ ብቻ ነው፦ «ውል አለሽ?» የለኝም። አዋጁን ከፍታ አሳየችኝ። ሥራው የተሠራው በቅጥር ወይም በትእዛዝ ከሆነ፣ ሌላ ስምምነት እስከሌለ ድረስ፣ የኢኮኖሚ መብቱ የመጀመሪያ ባለቤት አሠሪው ወይም አዛዡ ነው። ያነሳሁት እኔ፣ ካሜራው የእኔ፣ ሌንሱ የእኔ፤ መብቱ ግን የእነሱ። ዝም ብዬ ወጣሁ።

«ሌላ ስምምነት እስከሌለ ድረስ» የሚለውን ሐረግ እባካችሁ ደግማችሁ አንብቡት። ሕጉ በሩን አልዘጋም። ዝም ካላችሁ ለአዛዡ ይሰጣል፤ ከተናገራችሁና ከጻፋችሁ ለእናንተ ይሆናል። በራሳችሁ ተነሳስታችሁ ያነሳችሁት፣ ማንም ያላዘዛችሁ ፎቶ ግን ከመጀመሪያውም የእናንተ ነው። የደሴዋን እናት ማንም አላዘዘኝም። ስለዚህ በዚያኛው ላይ አቋሜ ጠንካራ ነበር።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ነገሩ ይገለበጥላችኋል። ሜሪላንድ ሠርግ የሚያነሳ ጓደኛ አለኝ። እዚያ በግሉ የሚሠራ ፎቶ አንሺ በጽሑፍ አሳልፎ እስካልሰጠ ድረስ መብቱ በአብዛኛው የራሱ ነው፤ ጥበቃውም ዕድሜ ልኩንና ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ነው። ግን ፌዴራል ፍርድ ቤት ለመክሰስ ምዝገባ ያስፈልገዋል። በሕግ የተወሰነውን ካሣ ለማግኘት ደግሞ ፎቶው ከመሰረቁ በፊት ወይም በታተመ በሦስት ወር ውስጥ መመዝገብ አለበት። እኛ ጋ ወረቀቱ ከደንበኛ ጋር ነው፤ እነሱ ጋ ከመንግሥት ጋር።

አንዱ ገጽ

አሁን ካሜራዬን ከቦርሳ ከማውጣቴ በፊት የማስፈርመው አንድ ገጽ አለ። ረጅም ውል ሰው ያስፈራል፤ «ለጠበቃ ላሳይ» ብሎ ይዞት ይጠፋል። አንድ ገጽ ግን እዚያው ካፌ ውስጥ ተነቦ ይፈረማል። ዋናው አንቀጽ ይኼ ነው፤ ውሰዱና ተጠቀሙበት፦

«በዚህ ውል መሠረት የሚነሱ ፎቶዎች የኢኮኖሚ መብት ባለቤት ፎቶ አንሺው ነው። ደንበኛው ፎቶዎቹን ከዚህ በታች ለተጠቀሰው አገልግሎትና ለተጠቀሰው ጊዜ ብቻ መጠቀም ይችላል። ከዚህ ውጪ ለመጠቀም ወይም ለሌላ ወገን ለማስተላለፍ አስቀድሞ የፎቶ አንሺውን የጽሑፍ ፈቃድ ያገኛል።»

ከሥሩ አገልግሎቱን በግልጽ ጻፉ። «ለማስታወቂያ» ብቻ አትበሉ። «ለድርጅቱ ድረ ገጽና ለ2018 ዓ.ም. ዓመታዊ ሪፖርት፣ ለ2 ዓመት» በሉ። ቢልቦርድ ከፈለጉ ቢልቦርድ ተብሎ ይጻፍ፤ ዋጋውም ለብቻው ይሁን። ፎቶው በወጣበት ሁሉ ስማችሁ እንዲጠቀስ አንድ መስመር ጨምሩ። ሳያስፈቅዱ እንዳይቆርጡና ቀለሙን እንዳይቀይሩ ሌላ መስመር። የመጠቀም ፈቃዱ የሚጸናው ቀሪ ክፍያው ሲጠናቀቅ መሆኑንም ጻፉ። ይኼ የመጨረሻው መስመር ስንት ጊዜ ከስልክ ልመና እንዳዳነኝ!

ሮው ፋይል፣ ማለትም ካሜራው የቀረጸው ገና ያልተነካው ዋና ፋይል፣ እንደማይሰጥ መጻፍ አትርሱ። ደንበኛ «ሁሉንም ሶፍት ኮፒ ስጪኝ» ሲል ብዙ ጊዜ ሮውም ጭምር ነው። ሮው የእናንተ ማስረጃ ነው። ለምን እንደሆነ ወደታች ትረዳላችሁ።

ለሠርግ ቃሉን አለዝበዋለሁ። ሙሽሮቹ ፎቷቸውን እንደፈለጉ ያሳትሙ፣ ይለጥፉ፣ ለዘመድ ይላኩ፤ ሠርጉ የእነሱ ነው። እኔ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ለንግድ እንዳይሸጡትና እኔ ደግሞ የሥራ ናሙና አድርጌ እንዳሳየው። ሁለተኛውን እያንዳንዱን ሙሽራ ለብቻው እጠይቃለሁ፤ «አይ» ካሉ አላሳይም።

ሕጉ መብትን ማስተላለፍና ፈቃድ መስጠት በጽሑፍ እንዲሆን ይፈልጋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ደግሞ በጽሑፍ መሆን ያለበት ውል በሁለት ምስክሮች ፊት እንዲፈረም ያዛል። ስለዚህ ከሥር ለሁለት ምስክሮች ስምና ፊርማ ቦታ ተዉ። ረዳቴና የደንበኛው ሚዜ ስንት ጊዜ ምስክር ሆነዋል። ደንበኛው ለመፈረም ጊዜ የለኝም ካለ ቢያንስ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ያንኑ አንቀጽ በቴሌግራም ላኩለትና «ተስማምቻለሁ» ብሎ እንዲመልስ አድርጉ። የተፈረመ ውልን አይተካም። ባዶ እጅ ከመቆም ግን ይሻላል።

ማስረጃችሁን በየቀኑ አከማቹ

ካሜራችሁ ሜኑ ውስጥ ግቡ። ካኖንም ኒኮንም ሴትአፕ ሜኑ ውስጥ «ኮፒራይት ኢንፎርሜሽን» የሚል ቦታ አላቸው። ስማችሁን አንድ ጊዜ ጻፉ። ከዚያ በኋላ የምታነሱት እያንዳንዱ ፋይል ውስጥ ስማችሁ ይገባል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ላይትሩም የሚባለውን የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ከሆነ ፎቶ ስታስገቡ ስም፣ ስልክና ኢሜይል አብሮ እንዲገባ አድርጋችሁ አዘጋጁት። ጠበቃዬ አጥብቃ የነገረችኝ ስም ብቻውን እንዳይሆን ነው፤ አድራሻ አብሮት ይስፈር። አልበም ስታስረክቡም የመጨረሻው ገጽ ላይ አትሙት።

ቴሌግራም ላይ ፎቶን እንደ ፎቶ ስትልኩ ይጨመቃል፤ ውስጡ ያለው መረጃም ይጠፋል። እንደ ፋይል ስትልኩ ይቀራል። ለደንበኛ ሁልጊዜ እንደ ፋይል ላኩ። ፌስቡክ ላይ የምትለጥፉት ደግሞ አነስ ያለ መጠን ይሁን፤ ለቢልቦርድ የሚሆን ፋይል ማንም እጅ አይግባ።

ዋተርማርክ፣ ማለትም ፎቶው ላይ የሚያርፈውን ስማችሁን፣ ጥግ ላይ አታድርጉ። እኔ ጥግ ላይ አድርጌ ነው በአንድ መቀስ የሄደው። አሁን ስስ አድርጌ ልብሱ ወይም ግድግዳው ላይ አሳርፈዋለሁ፤ ፎቶውን ሳያበላሹ ማውጣት አይቻልም።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን ሌላ ነው። ደሴ ያን ጠዋት 17 ጊዜ ነው ያነሳሁት። ሰው ያየው ስድስተኛውን ብቻ ነው። በመጀመሪያው እኚያ እናት «ተይኝ እንጂ!» ብለው በእጃቸው ፊታቸውን ከልለዋል። በሦስተኛው ድመት በጀበናው ፊት ታልፋለች። በአሥራ አንደኛው ስኒው ሞልቶ ረከቦቱ ላይ ፈስሷል። እነዚህን 16 ፎቶዎች በዓለም ላይ ከእኔ በቀር ማንም የለውም። የተሰረቀውን ፎቶ ማንም ሊያወጣ ይችላል፤ ከፊቱና ከኋላው ያሉትን ግን ያነሳው ሰው ብቻ ነው የሚያወጣው። ስለዚህ የተበላሹትን ሁሉ አታጥፉ። ሮውን ሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጡ፤ አንዱ ከቤት ውጪ ይሁን።

ፎቷችሁን ሌላ ቦታ ስታገኙት

መጀመሪያ ዝም በሉ። ፌስቡክ ላይ «ሌቦች!» ብላችሁ አትጻፉ። ከጻፋችሁ ሰውዬው ያጠፋዋል፣ ማስረጃችሁ አብሮ ይሄዳል፤ እናንተም በስም ማጥፋት ልትጠየቁ ትችላላችሁ።

ኦንላይን ከሆነ ሙሉ ገጹን፣ ቀኑንና ሊንኩን የሚያሳይ ስክሪንሾት ያዙ። የታተመ ከሆነ ዕቃውን ራሱን አግኙ። ልብስ ሰፊው ነገሩን ስነግራቸው የቀን መቁጠሪያውን ከምስማሩ ነቅለው ሰጡኝ፤ ከየት እንዳገኙትም ነገሩኝ። ያንን ወዲያውኑ ጻፍኩት። ሌላም ቦታ መኖሩን ለማየት ጉግል ሌንስና ቲንአይ በሚባሉት የፎቶ መፈለጊያዎች ላይ ፎቶውን አስገብታችሁ ፈልጉ።

ቀጥሎ ደብዳቤ። የእኔ ግማሽ ገጽ ነበር። ፎቶው መቼና የት እንደተነሳ፣ የእኔ ለመሆኑ ማስረጃ እንዳለኝ፣ የት እንዳገኘሁት፣ ምን እንደምፈልግ፣ በስንት ቀን መልስ እንደምጠብቅ። ስድብ የለም፣ ለቅሶ የለም። በአካል ወስጄ በመዝገብ ቤት አስገብቼ፣ ቅጂው ላይ ማህተምና ቀን አስመታሁ።

የደወለልኝ ሰው በትህትና «እህቴ፣ እኛ ከጉግል ላይ ነው ያገኘነው» አለኝ። ይኼን መልስ ሁላችሁም ትሰማላችሁ። ጉግል መፈለጊያ ነው፤ ባለቤት አይደለም። መንገድ ላይ የተገኘ ቦርሳ ባለቤት የለውም አይባልም። በቀጠሮው ቀን ላፕቶፔን ከፍቼ 17ቱን ፎቶዎች ተራ በተራ አሳየኋቸው። ድመቷ ጋ ስደርስ ክፍሉ ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ማስረጃ የጠየቀኝ የለም። ከፈሉኝ፣ ድጋሚ እንዳያትሙትም ፈረሙ።

እምቢ ቢሉ ኖሮ? ፍርድ ቤት ድርጊቱ እንዲቆም ማዘዝና ካሣ መወሰን ይችላል። አዋጁ ለሞራል ጉዳት የሚከፈለው ካሣ ከ100,000 ብር እንዳያንስ ይላል። ሆን ብሎ መብት የጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት፣ በከባድ ቸልተኝነት የጣሰ ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት ሊፈረድበት ይችላል። ይኼን ደብዳቤው ላይ ለማስፈራሪያ አልጻፍኩም። ማወቄ ግን ስነጋገር ድምፄን አረጋግቶልኛል።

ፌስቡክ፣ ኢንስታግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ላይ ከሆነ የኮፒራይት ማመልከቻ ቅጽ አላቸው። «ሪፖርት» የሚለውን ዝም ብላችሁ ተጭናችሁ አትተዉት፤ ቅጹን ሙሉ። የሚጠየቀው የእናንተ ሥራ የትኛው እንደሆነ፣ የተሰረቀው ሊንክ፣ አድራሻችሁና የምትሉት እውነት ስለመሆኑ ማረጋገጫ ነው። ይኼ አሠራር የመጣው በ1998 እ.ኤ.አ. ከወጣው የአሜሪካ ሕግ ነው። ስማችሁና ኢሜይላችሁ ለተከሰሰው ሰው ሊደርሰው ስለሚችል የሥራ ኢሜይል ተጠቀሙ። የእናንተ ባልሆነ ፎቶ ግን በፍጹም አታመልክቱ፤ ተጠያቂነት አለው።

ሁሉም አጠቃቀም ስርቆት አለመሆኑንም እወቁ። ለግል ጥቅሙ አንድ ቅጂ ያስቀመጠ፣ ለማስተማር ምንጩን ጠቅሶ በልክ የተጠቀመ፣ ሕጉ የፈቀደለት ሰው ነው። አንዲት መምህርት የጣና ፎቶዬን ክፍል ውስጥ እንዳሳየችው ስትነግረኝ ደስ ነው ያለኝ።

ፎቶው ውስጥ ያለው ሰው

ገንዘቡን ተቀብዬ ቤት ስገባ እንቅልፍ ከለከለኝ። «ሳታስፈቅዱኝ» ብዬ ስከራከር የሰነበትኩት እኔ፣ እኚያን እናት ፌስቡክ ላይ ከመለጠፌ በፊት አስፈቅጃቸው ነበር? አላስፈቀድኳቸውም። የአክስቴ ጎረቤት ናቸው፣ ቡናቸውን ጠጥቻለሁ፣ በቃ አልኩ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 27 ላይ የሰው ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ ሊታይ፣ ሊባዛ ወይም ሊሸጥ እንደማይችል ይደነግጋል። ቁጥር 28 ልዩ ሁኔታዎች አሉት፦ ታዋቂ ሰው፣ የመንግሥት ኃላፊነት ያለው ሰው፣ የፍትሕና የፖሊስ ሥራ፣ ለሳይንስ፣ ለባህልና ለትምህርት የሚጠቅም፣ እንዲሁም በአደባባይ የተደረገ ወይም ሕዝብን የሚመለከት ሥነ ሥርዓት። ጥምቀት ላይ ጃንሜዳ የሚዘምሩትን ብታነሱ እዚህ ውስጥ ይገባል። የአንዱን ዘማሪ ፊት ለይታችሁ ለዘይት ማስታወቂያ ብትሸጡት ግን ያ ሌላ ነገር ነው፤ አስፈቅዱ። በቤቱ ጓሮ ያለን ሰው ሁልጊዜ አስፈቅዱ። ልጆችን ደግሞ ያለ ወላጅ ፈቃድ አትለጥፉ።

ደሴ ሄድኩ። የቀን መቁጠሪያውንም ይዤ። እኚያ እናት አይተው «እኔ ነኝ?» አሉና ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ቆመ፤ «ስንት ቤት ተሰቅሏል?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ከተቀበልኩት ገንዘብ ግማሹን ሰጠኋቸው፤ እንቢ ብለው በአክስቴ ልመና ነው የወሰዱት።

ፈቃዱን በቀላል አማርኛ ጽፌ ወስጄ ነበር፦ ፎቶው የት እንደሚታይ፣ ቢሸጥ ድርሻቸው ስንት እንደሆነ፣ ከፈለጉ በማንኛውም ጊዜ ደውለው እንዲወርድ ማድረግ እንደሚችሉ። ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ከሆነ አሻራው ብቻውን እንደማይበቃ እወቁ፤ ሕጉ በሰነድ አረጋጋጭ ወይም በዳኛ ፊት እንዲረጋገጥ ይፈልጋል። እሳቸው ግን በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ፊደል ቆጥረዋል። መነጽራቸውን አስመጡ፣ ራሳቸው አንድ ጊዜ አነበቡት፣ «በማንኛውም ጊዜ» የሚለው ላይ ጣታቸውን አሳርፈው «ይኼ እውነት ነው?» አሉኝ። እውነት ነው አልኳቸው። ስማቸውን እስከ አያት ጽፈው ፈረሙ።

ወረቀቱን ሁለት ኮፒ አድርጋችሁ ሂዱ፤ አንዱ ለእነሱ ነው። ስልክ ቁጥራችሁ በትልቁ ይጻፍበት። ፎቶውንም አሳጥባችሁ ያዙላቸው። እኔ ድመቷ ያለችበትን ነው የሰጠኋቸው፤ ከ17ቱ የመረጡት እሱን ነው።